የመዲናን ድምፅ ይዤ ከወልድያ ሐብሩ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ወልድያ

መናኸሪያ የደረስኩት ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ሳለ ነው። ኅዳር ነውና ብርዱ ጋቢ አልፎ አጥንት ይፈልጋል። በአንድ እጄ ስኳር የቋጠርኩበት ፌስታል ይዣለሁ፤ አንገቴ ላይ ስልኬን በክር አንጠልጥያለሁ። ስልኩ ውስጥ የልጅ ልጄ የቤዛና የጓደኞቿ አልበም አለ። አልበሙ ውስጥ የአንዲት የሞተች ሴት ድምፅ አለ። የምሄደው ለዚያ ድምፅ ፈቃድ ልጠይቅ ነው።

እግሬ ቀላል ነው፤ የሰፈር ሰው «ዘዋሪዋ» ይለኛል። ላሊበላን በእግሬ ተሳልሜያለሁ። ሐራ ባቡር ሊመጣ ነው ሲባልም ሄጄ፣ ሐዲዱን ዳስሼ ባቡሩን ሳላይ ተመልሻለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ያየሁትን መጻፍ የጀመርኩት ደግሞ ስልክ ከያዝኩ ወዲህ ነው። የዛሬው መንገድ ግን ለማየት ብቻ የወጣሁበት አይደለም።

ቤዛ እዚህ ወልድያ ታስተምራለች። ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ሆና ደግሞ ትዘፍናለች። መሣሪያ የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ በከንፈሩ ከበሮ ይመታል፤ አንዱ ከሆዱ ሩቅ ያለ ነጎድጓድ ያወጣል፤ የቀሩት ዜማውን ይቀባበላሉ። የቡድናቸውን ስም «ባዶ እጅ» አሉት።

«ልጄ፣ ባዶ እጅ ለቅሶ ቤት እንኳ አይኬድም» ብላት፣ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

ዘፈናቸው ጃዝ ነው አለችኝ። ጃዝ ምንድን ነው ብላት ጥቂት አሰበችና፣ «ዜማውን ይዘሽ ከቤት ትወጫለሽ። ትጠፊያለሽ። ስትመለሺ ቤቱ ያው ነው፤ አንቺ ግን ያው አይደለሽም» አለች።

«እንግዲያው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስዘፍን ኖሬያለሁ» አልኳት።

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ እዚሁ ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስበው ዘፈኑ። ከአዲስ አበባ የድምፅ ባለሙያ መጥቶ ሁሉንም ቀዳው። ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ አልበም የሚሉት ነው፤ ሳሉም፣ ጭብጨባውም፣ የወንበሩ ሲጢጥታም አብሮ ይገባል። የእኔ መዘዝ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትወጣ፤ ሲሪንቃ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ነበር። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ አፈ ቀላል ሰው ነው። የሚሳፈረው ሁሉ እግሩን ሳያስገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «መንገዱ ሰላም ነው?»

«ለዛሬ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነው። የነገን ለነገ ሾፌር ጠይቁ!» ይላል ሰይድ።

ኬላው ላይ ወርደን፣ ተፈትሸን፣ ተመልሰን ገባን። የስኳር ፌስታሌን ፈትተው አይተው መልሰው ቋጠሩልኝ። ከዚያ አስፋልቱ ቁልቁል ወሰደን። በግራ በቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ፀሐይ ከቆላው በኩል ብቅ ስትል የተራራው ግንባር መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ።

«እማማ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ስልክ ነው ወይስ ክታብ?» አለኝ ሰይድ በመስታወቱ እያየኝ።

«ሁለቱንም ነው።»

«ምን አለበት?»

«የልጅ ልጄ ዘፈን።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? አምጡት እንጂ!»

አራተኛዋን ዘፈን እንዳይነካ አስምዬ ስልኩን ሰጠሁት። በሽቦ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው። የልጆቹ ድምፅ ሚኒባሱን ሞላው። ሰይድ ጥቂት ሰማና ፊቱን አኮማተረ።

«ኪቦርዱ የት አለ?»

«የለም።»

«ክራሩስ?»

«የለም።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ገና ጣራ ያልለበሰ ቤት ነው!»

ከኋላ ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት፣ «ጣራ ከሌለው ኮከብ ይታያላ!» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶሮዋም ጮኸች።

ሲሪንቃ የምርምሩ እርሻ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ሊወርድ አስቆመ። መደብ መደቡ ላይ ትንንሽ ምልክት ተተክሎ፣ ማሽላው እንደ ክፍል ተማሪ ተሰልፎ ይታያል። በዚያው ዘፈኑ ድንገት ጸጥ አለ። ሰይድ ሽቦውን ነቀነቀ፣ ስልኩን መታ መታ አደረገ።

«ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም። ዝምታውም የዘፈኑ ነው፤ ተወው» አልኩት። እውነትም ልጆቹ ተመለሱ።

ይህን ለማወቅ እኔም ዘግይቻለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ የመርሳ ሴቶች ሁሉ።

ድምጿን የያዝኩላት መዲና፣ መርሳ ስኖር ጎረቤቴ ነበረች፤ በኋላ ከባሏ ከጋሽ ይመር ጋር ወደ ሐብሩ ገጠር፣ ወደ አባቱ ርስት ገቡ። ቤዛን የወለደቻት ልጄ ብትሆንም፣ ያደገችው በኔ እቅፍና በመዲና ጀርባ ነው። በዘፈኑ ቀን መዲና የጥንት ጎረቤቶቻችንን አስከትላ፣ ያላቸውን ለብሰው፣ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ቤዛ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ ድምፅ ይቀዳል፣ እስኪያልቅ እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ነገርኳቸው። አፋችንን በነጠላና በሻሽ ሸፍነን ተቀመጥን።

አራተኛዋ ዘፈን ላይ ቤዛ ብቻዋን ወጣች።

«ወንዙ ሞልቶብኛል፣ ማን ያሻግረኛል…»

ይህን ብላ ዝም አለች። አምስቱም ዝም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አዳራሹ ውስጥ የትንኝ ድምፅ እንኳ የለም።

በኛ አገር አንዷ ካወረደች ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሰርግ ቤት ይሁን አውድማ ላይ፣ አውራጇ ስንኟን ጥላ ቆማ ተቀባይ ካጣች፣ እፍረቱ የሷ አይደለም፤ የተቀመጠው ሰው ነው። ለኛ የታየን ያሳደግናት ልጅ ሕዝብ ፊት ቆማ ተቀባይ አጥታ ነው። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ መዲና ቀደመችኝ። ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደችና፣

«እኛ አለን አብሽሪ፣ ጌታ ይረዳናል!»

ስትል፣ የመርሳ ሴቶች እንደ አንድ ሰው ተቀበሏት። እጃችንም አላረፈ። የድምፁ ባለሙያ ራሱን በሁለት እጁ ሲይዝ አየሁት። ልጆቹ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ተያዩ። ያ ነጎድጓድ የሚያወጣው ልጅ በድምፁ ከሥራችን ገባና ተሸከመን። ከዚያማ ዘፈኑ እነሱም ያላሰቡት አገር ሄደ። ቤዛ ወደ ዜማው ስትመለስ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ትስቃለች።

ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባው ሳይጀመር ባለችው ቅጽበት፣ መዲና ከወንዝ ማዶ እንደምትጣራ አድርጋ፣ «ልጂቱ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ውሃ ስጧት እንጂ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ዝምታው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነበር፤ ብዙ የተለማመዱበት። ሕዝቡ ሲወጣ፣ እኛ አፋችንን ይዘን ተቀምጠን፣ ዘፈኗን ከነዝምታዋ ደግመው ቀዱ። መዲና በእፍረት ቀልጣ፣ «እኔስ ተቀባይ ያጣች መስሎኝ!» ስትል ዋለች።

ክረምቱ ሲገባ መዲና ታመመች። በመስከረም ቀበርናት።

አሁን አልበሙ ሊወጣ ነው። ሁለቱም ቅጂ አለ፤ ንጹሑም፣ እኛ የገባንበትም። ቤዛ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ ነፍስ ያላት እማ መዲና ያለችበት ናት። ያለሷ አልበሙ ባዶ ቤት ነው። ግን ጋሽ ይመርና ልጃቸው ካልፈቀዱ አላወጣትም። አልበሙን ለማሳተም ቅዳሜ መላክ አለብን።» የሟች ነገር በስልክ አይጠየቅም። ስለዚህ መጣሁ።

ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፤ መርሳ

መርሳ ሲገባ ጋቢ ይወልቃል። ሙቀቱ ከመኪናው በር ላይ ይቀበላችኋል። መንገድ ዳር ብርቱካን እንደ ቁልል ድንጋይ ተከምሯል፤ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ የሸንኮራ እስር። የባጃጅ ጥሩንባ፣ የአህያ ጩኸት፣ የሞተር ጭስ። አንዲት ሻጭ ብርቱካን ልጣ አፌ ድረስ አመጣችልኝ። «ካልጣፈጠዎት አይግዙኝ» አለች። ጣፈጠኝ፤ ገዛሁ፤ የስኳሩ ፌስታል ላይ ጨመርኩት።

የድሮ ቤቴን በዚያው አለፍኩ። ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል። በኔና በመዲና ግቢ መካከል የነበረው አጥር ግን አሁንም እንደዘመመ ነው፤ ስንቀባበልበት የዘመመ አጥር። ጨው በሱ ላይ አልፏል፣ እሳት በሱ ላይ አልፏል፣ ቤዛም ዳይፐር የሚባል ሳይኖር እንደ ራሰች በሱ ላይ አልፋለች።

ጥቂት ቆሜ አሰብኩ። ጋሽ ይመር እምቢ ቢሉኝ ለልጂቱ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እሺ ቢሉኝስ፣ ሐዘናቸው ገና ትኩስ ሳለ ቁስል መንካት አይሆንም? የመንገድ ክፋቱ ይህ ነው፤ ስትሄዱበት የማታስቡት ነገር ስትቆሙ ይይዛችኋል። ባጃጅ ጠራሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፤ ሐብሩ ገጠር

ባጃጁ አቧራው ውስጥ እየዋኘ ወስዶ ከአሸዋማው ወንዝ ዳር አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የማሽላ አገዳ እየታጨደ ነው፤ ሰዉ ከማሳው «እንደምን ዋሉ» እያለ እጁን ያነሳል። ሁለት ግመሎች አገዳ ተጭነው፣ እኔን ንቀው አለፉ።

የመዲና ልጅ ጦይባ ደጅ ላይ እህል ታበጥራለች። ስታየኝ ሰፌዱን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ። ተላቀስን። ወንበር አወጣችልኝ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። መዲና በነበረችበት ጊዜ ከበሩ ሳልደርስ ውሃ በጣሳ ይቀድመኝ ነበር። አሁን ግን ሐዘን ነውና ሰው ሁሉን አያስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ፊቷ እየተዘጋ ሄደ።

«እትዬ፣ ይቆጡኝ እንጂ አልወደድኩትም። የእማ ድምፅ በየሻይ ቤቱ፣ በየሚኒባሱ ሊጮህ ነው? ሞታ በዘፈን? ሰውስ ምን ይላል?»

«እውነትሽን ነው ልጄ።»

«አባቴስ? ከነሐሴ ጀምሮ ድምፅ አልነበራትም፤ በእጇ ነበር የምታዋየን። እንደዚያ ሆና ነው የሄደች። አሁን ድምጿን በድንገት ቢሰማ ምን ይሆናል ብለው አስበዋል?»

«እሱንስ እኔም ስፈራው ነው የመጣሁ» አልኳት።

በዚህ መሐል ጋሽ ይመር ከአውድማ መጡ። ገለባ ትከሻቸው ላይ አለ። ከስተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናኑ! ዘዋሪዋ! ምን እግር ጣለሽ?»

«እንደምን ሰነበቱ፣ ጋሽ ይመር። አንቱን ልጠይቅ ነው፤ ደግሞም ላስፈቅድ።»

ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጦይባ «አባ፣ ይቅርብህ» አለች። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አምጪው።»

ቤዛ ኤርፎን ሰጥታኝ ነበር። በጆሯቸው ላይ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ፤ አራተኛዋን ዘፈን ነክቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። እሳቸው ይሰማሉ፤ እኔና ጦይባ ምንም አንሰማም። የምናየው ፊታቸውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ራሳቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ቆመ። ዝምታዋ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ደግመው አነሱት፣ ደግመው አስቀመጡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጦይባ ልትነሳ ስትል በእጄ ያዝኳት። ብዙ ቆይተው፣ ሁለታችንም የደነገጥንበት ነገር ሆነ፤ ጋሽ ይመር ጮክ ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ።

«ውሃ ስጧት አለች እኮ!» አሉ። ጆሯቸው ተደፍኖ ስለነበር የሚጮሁ አልመሰላቸውም። «ጦይባ፣ ነይ፣ ነይ ስሚ! ውሃ ስጧት!»

አንዱን ሽቦ ከጆሯቸው ነቅለው ለልጃቸው ሰጡ። ጦይባ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርኩላቸው። አባትና ልጅ በአንድ ሽቦ ተሳስረው፣ አንገታቸውን አጋጥመው ሰሙ። እኔ ማሽላውን አየሁ።

ሲያልቅ ጦይባ ተነስታ ገባች። ስትመለስ በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች፤ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ይመር ግን «እደሪ» አሉኝ። «የጠዋት አፍ ይሻላል።»

ዓርብ፣ ጠዋት

በማለዳ ተነስቼ ከጦይባ ጋር እህሉን አበጠርን። ጉዳዩን አላነሳንም። ጋሽ ይመር ለጁምዓ ተጣጥበው፣ ነጭ ለብሰው ብቅ አሉ።

«እናኑ፣ ድምጿ ከጆሮዬ እየሄደብኝ ነበር» አሉ። «ፊቷ አለ፣ እጇ አለ። ድምጿን ስፈልገው አጣዋለሁ። ለሰው አልተናገርኩትም።»

ጦይባ ሰፌዱን አቆመች።

«እና ሳስበው፣ እሷ ለዘፈን ብላ አልተነሳችም። የሰው ልጅ ተቀባይ አጥታ አየች፤ ተቀበለች። ይህን ደብቁት ብል አላህም አይወድልኝ። ይሁን። ስሟን ግን አትጻፉት። ድምጿ ይሂድ፤ ስሟ እኛ ዘንድ ይቅር።»

«እሺ፣ ጋሽ ይመር።»

«አንድ ደግሞ አለኝ። ውሃ ስጧት ያለችውን እንዳትቆርጡት።»

ነገሩ ከበደኝ። የድምፁ ባለሙያ ያቺን ቃል ሊያወጣት እንደነበር ቤዛ ነግራኛለች፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ያለ ጫጫታ ነው ብሎ። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ዘፈኑንማ እናንተ ሁላችሁ ተቀብላችኋል፤ ድምጿ ከናንተ ጋር ተቀላቅሏል። ውሃ ስጧት የምትለዋ ግን ራሷ መዲና ናት። እዚህ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር የሰማሁት እሱን ነው። እሱ ከተቆረጠ ሌላውም ይቅር በያቸው።»

ወደ ጦይባ ዞርኩ። ያለሷ ቃል መሄድ አልፈለግሁም።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ሰው ማለቱ አይቀርም» አለች። ሰፌዱን ሁለቴ ነቀነቀችና ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። «ይበል። ግን ለኔም ላኩልኝ፤ ዘፈኑን አይደለም፣ መጨረሻዋን ብቻ።»

እኔ መላክ አልችልም፤ ሁለቱን ስልክ አጠጋግታ ራሷ ላከችው።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን፤ ወደ ወልድያ

ስኳሩንና ብርቱካኑን ለነሱ ትቼ፣ በፈንታው ትኩስ የማሽላ እሸት ተሸክሜ መርሳ ወጣሁ። ሲሳፈሩ ሲወርዱ ከሚያዩት ሰው ጋር መንገድ ያዛምዳል፤ ተራው የሰይድ ሆኖ አገኘሁት።

«እማማ! ጣራው ለበሰ?»

«ሊለብስ ነው» አልኩት፤ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

እዚህ መዲና እያልኩ የጠራኋት ሴት ስሟ መዲና አይደለም። የባሏም የልጇም ስም ሌላ ነው። ቃል ስለገባሁ ነው።

ሲሪንቃን አልፈን ኔትወርኩ ሲመለስ ለቤዛ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፤ እጇ ላይ ይዛው ነበር ማለት ነው።

«እማማ! ምን አሉ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስሟ እንደማይጻፍ ነገርኳት። ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን እንዳወለቁ፣ እንደሳቁ ነገርኳት። በመጨረሻም፣ ውሃ ስጧት ያለችው እንዳይቆረጥ አሉ አልኳት።

ቤዛ ዝም አለች።

የመኪናው ሞተር ይሰማኛል፣ የነፋሱ ፉጨት ይሰማኛል፤ ከወዲያ ግን ምንም የለም። አፌ ላይ ቃል መጣ። አብሽሪ ልላት፣ እኛ አለን ልላት ከንፈሬ ድረስ ደረሰ። ዋጥኩት።

ሰይድ ዞር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ኔትወርክ ሄደ?»

«አልሄደም» አልኩት በቀስታ፤ ስልኩንም ከጆሮዬ አላነሳሁ።